«ቀኗ ገና ነው» ብዬ የተኛሁባት ሌሊት

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። የፍልሰታ ጾም ላይ ነን። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ያለው ግቢያችን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ሰው የሚናገረው አይሰማም። ያን ማታ ውሻችን መቻል ማገዶ ቤቱ ጥግ ገብታ መሬቱን ትጭር ነበር። ታለከልካለች። ተነስታ ትዞራለች፣ መልሳ ትተኛለች። የሰጠኋትን እንጀራ አሽትታ ተወችው።

ገብቼ የቀን መቁጠሪያውን አየሁ። በቀይ እስክሪብቶ ያከበብኩት የመውለጃዋ ቀን ሊደርስ አምስት ቀን ይቀረዋል። «ቀኗ ገና ነው፤ ብርድ ይሆናል» አልኩ። አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥቼ ላለብሳት ስል ከሥሯ ያለው ጨርቅ ረጥቧል። ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነክቶታል። የማገዶው ሻጋታ መሰለኝ። ጨርቁን ቀየርኩላትና ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ ሁለት ቡችሎች ጡቷ ላይ ነበሩ። ሌሎች ሁለት ጎኗ ሞተው ተኝተዋል። እሷ አሁንም ታምጣለች። አምስተኛውን ያወጣላት ሐኪም ነው፤ እሱም ሞቶ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ስትነግረኝ አድራለች። እኔ ግን ያመንኩት የቀን መቁጠሪያውን ነው።

ከዚያ ወዲህ መቻል አንድ ጊዜ ወልዳለች። ስድስቱም ተርፈዋል። በሁለቱ ወሊድ መሀል የተማርኩትን ነው የምጽፈው። አሁን እርጉዝ ውሻ ይዞ «መቼ ይሆን?» እያለ የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ እኔ ያን ጊዜ ባውቀው ብዬ የተቆጨሁበትን ነገር አስቀድሞ ይወቀው።

መቻል የሐበሻ ውሻ ነች። ቡናማ፣ መካከለኛ ቁመት ያላት። ስሟን ያወጣላት አባቴ ነው። የድሮ ሰው በውሻው ስም ለጎረቤት መልእክት ያስተላልፍ ነበር። አባቴ ግን ያን ጊዜ ታሞ ነበር፤ ስሙን ለራሱ ነው ያወጣው። እሱ ካረፈ በኋላ ግቢው ውስጥ ያን ስም ስጠራ የእሱን ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ያን ጠዋት ያለቀስኩት ለቡችሎቹ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ ልናገር። «ውሻ በ63 ቀን ትወልዳለች» ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን 63 ቀን የሚቆጠረው እንቁላሏ ከወጣበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ በዓይን አይታይም። እኛ የምናየው ስሪያውን ነው። የወንዱ ዘር ማህፀኗ ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዴ እስከ ሳምንት ድረስ በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ከስሪያው ቀን ከቆጠራችሁ ከ58ኛው እስከ 70ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በየትኛውም ቀን ልትወልድ ትችላለች። በዚያ ላይ እኔ ያየሁት አንድ ስሪያ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን አላየሁም። የሰፈር ወንድ ውሻ እኮ በር እስኪከፈት ውጭ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው፤ ባለቤት እስኪያይ አይጠብቅም።

ያን ጠዋት ሐኪሟ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ አይተሽ ነበር?» የሚል ነው። ጨርቁ ትዝ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። አረንጓዴው የሚመጣው እንግዴ ልጁ ከማህፀን ሲላቀቅ እንደሆነ አስረዱኝ። እንግዴ ልጁ ከለቀቀ ቡችላው ኦክስጂን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። አንድ ቡችላ ከተወለደ በኋላ ያ ቀለም ቢታይ የተለመደ ነው። አንድም ሳይወለድ ከታየ ግን ጠዋት አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህን ይያዝልኝ።

ሁለተኛው እርግዝና በ2017 ዓ.ም. ነው። አሁን ደብተር አለኝ። ጥቅምት 3 የመጀመሪያውን ስሪያ፣ ጥቅምት 6 ደግሞ ሁለተኛውን ጻፍኩ። በሁለቱም ቀን ቆጠርኩ። አንዱ ታኅሣሥ 6 ላይ አወጣኝ፣ ሌላው ታኅሣሥ 9 ላይ። በዚህ ጊዜ አንድም ቀን አላከበብኩም። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለውን ሁሉ «ንቁ» ብዬ ጻፍኩበት።

ኅዳር 28፣ በ55ኛው ቀን፣ ራጅ አስነሳኋት። የቡችሎቹ አጥንት በራጅ መታየት የሚጀምረው ከ45ኛው ቀን በኋላ ነው። ቆጠራው በደንብ የሚታመነው ግን ከ55 ቀን ወዲህ ነው። ስድስት ጭንቅላት ተቆጠረ። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ በወሊዱ ቀን ነው። ስንት እንደሚቀር ካላወቃችሁ ማለቋንም መታገዷንም መለየት አትችሉም። አቅም ያለው ሰው ይህን ባይተው ደስ ይለኛል።

ምግቡ አስቸግሮኝ ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። ቤታችን ሽሮና ምስር ነው የሚበላው፤ ለውሻ የሚተርፍ አጥንት የለም። እርጉዝ ውሻ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ምግቧ በደንብ መጨመር አለበት። ክፍት የሆነ ሉካንዳ እየፈለግሁ ትርፍራፊ ሥጋ እገዛለሁ። በደንብ ቀቅዬ፣ ከእንቁላልና ከሩዝ ጋር ቀላቅዬ አበላታለሁ። ጥሬ ሆድ ዕቃ መስጠት ጥሩ አይደለም፤ ለሰውም የሚተላለፍ ትል አለው። ማህፀኗ ጨጓራዋን ስለሚጫን በአንድ ጊዜ ብዙ አትችልም። በቀን አራቴ፣ ጥቂት ጥቂት ነበር የምሰጣት። የካልሲየም ኪኒን እንድገዛላት የመከረኝ ሰው ነበር። ሐኪሟ ግን ከለከሉኝ። በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ሲጨመር ሰውነቷ ራሱ የሚያስተካክልበትን አቅም ያሰንፈዋል፤ በኋላ ስታጠባ ትቸገራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ሐኪሟ «ሌላው ሁሉ ቢያሳስትሽ የሙቀት መለኪያው ይነግርሻል» አሉኝ። ከፋርማሲ ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛሁ። ለእሷ ብቻ ነው፣ ላዩ ላይ ስሟን ጻፍኩበት። ጫፉን ቫዝሊን ቀብቶ በፊንጢጣ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ማስገባት ነው። ጅራቷን በቀስታ አነሳለሁ፣ እናቴ ጭንቅላቷን ይዛ ታዋራታለች። በሦስተኛው ቀን ለመደችው። በ56ኛው ቀን ጀምሬ ጠዋትና ማታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለካሁ። ቀደም ብሎ መጀመር የሚያስፈልገው የእሷን ልክ ለማወቅ ነው። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመቻል 38.4፣ 38.2፣ 38.3 እያለ ሄደ።

ሰኞ ታኅሣሥ 7 ጠዋት 38.3 ነበር። ማታ 1 ሰዓት ላይ 37.2 አለኝ። ባትሪው ያለቀ መሰለኝ። በራሴ ብብት ሞከርኩት፣ ይሠራል። ሁለት ሰዓት ቆይቼ ደግሜ ለካኋት። 37.0።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እርግዝናውን ይዞ የሚያቆየው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው። መውለጃዋ ሲደርስ ይህ ሆርሞን በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የሰውነቷም ሙቀት አብሮት ይወርዳል። ከልኳ አንድ ዲግሪ ያህል ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ምጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ሙቀቱ ወርዶ አይቀርም፣ ተመልሶ ይወጣል። በቀን አንዴ ብቻ የሚለካ ሰው መውረዱ ሊያመልጠው ይችላል። የማይታይባቸው ውሾችም አሉ። ስለዚህ «አልወረደም» ብሎ መተኛት አይቻልም። ወርዶ ካያችሁት ግን ቀጠሮ ሰርዙ፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። ወርዶ አንድ ቀን ሙሉ ካለፈና ምጥ ካልጀመራት ደግሞ ሐኪሟ ጋ ደውሉ።

ከቴርሞሜትሩ በፊት ግን ሰውነቷን ያነበቡልኝ ሌላ ሰው ናቸው። ግቢያችን ውስጥ እማማ የምንላቸው ትልቅ ሰው አሉ። ልጅነታቸው ገጠር፣ ከብት መሀል ነው ያለፈው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በየጠዋቱ በረንዳቸው ላይ ሆነው መቻልን ያዩዋታል።

«አጋተች እኮ!» አሉኝ አንድ ቀን።

«እማማ፣ እሱ የላም አይደለም እንዴ?»

«ልጄ፣ ጡት ጡት ነው። ነይ እይው።»

እውነታቸውን ነው። ጡቶቿ ሞልተው ተወጥረዋል፤ ጫፋቸው ቀልቷል። ትንሽ ጫን ሲሉት ጠብ የሚል ነገር አለ። ግን ይህን ምልክት ብቻዋን አትመኑ። አንዳንዷ ወተቷ ሳምንት ሲቀራት ይመጣል። አንዳንዷ ደግሞ ወልዳ ነው የሚወርድላት። እማማ ከጡቱ ይልቅ የሚያዩት ጎኗን ነበር። «ሆዷ ወርዷል፣ ጎኗ ሰርጉዷል፣ ዳሌዋ ተፈታ» አሉ ሰኞ ጠዋት። ከኋላዋ ሆኜ ሳያት ገባኝ። በርሜል የመሰለው ሆድ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ላልቷል። ብልቷ አብጦ ለስልሷል። ጥቂት ንጹሕ፣ ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽም ነበራት። ይህ ችግር የለውም። ቀለም ወይም መጥፎ ጠረን ሲኖረው ነው የሚያሰጋው።

ምግብ መተውን ብዙ ሰው እንደ ዋና ምልክት ያነሳዋል። በመጀመሪያው ወሊድ እውነትም ትታ ነበር። በሁለተኛው ግን ምጥ ሊጀምራት ሰዓታት ሲቀሩት ሳህኗን ጥርግ አድርጋ በላች። እኔ ለዚህ ምልክት ብዙ ቦታ አልሰጠውም።

ጠባይዋ ግን ተለውጦ ነበር። መቻል ሰው የምትወድ ውሻ ነች፤ ግን ያን ሰሞን የመጨረሻ ልጅ ሆነች። ሽንት ቤት ድረስ ትከተለኛለች። ሰኞ ማታ ደግሞ መሬት መጫር ጀመረች። ያዘጋጀሁላትን ጨርቅ በጥርሷ እየጎተተች ትከምራለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ትከምራለች። በመጀመሪያው ወሊድ ማገዶ ቤት ያየሁት ያው ነው። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ ነው ውሻ የምናሳድገው። ቦታ ካላዘጋጃችሁላት ራሷ ትመርጣለች። የምትመርጠው ደግሞ ከቆርቆሮ ሥር፣ ከቦይ ዳር፣ እጅ የማይገባበት ጥግ ነው። እኔ የትልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን አንዱን ጎን ቆርጬ የዕቃ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩ። ከሁለት ሳምንት ቀድሜ ነው እዚያ እንድትተኛ ያስለመድኳት። ውስጡ አሮጌ አንሶላ ነው። ጆንያ አላነጠፍኩም። ክሩ እየተመዘዘ የቡችላ እግርና አንገት ላይ ይጠመጠማል። የግቢውን ልጆችም ጠርቼ አስረዳኋቸው፦ «ከወለደች ከሳምንት በኋላ አሳያችኋለሁ፤ አሁን ግን ማንም አይመጣም።» ውሻ ከተረበሸች ምጧን ታቆየዋለች። ልጆቹ ቃላቸውን ጠበቁ።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 8 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማለክለክ ጀመረች። ትንቀጠቀጣለች። ጎኗን ዞር ብላ ታያለች፣ ብልቷን ትልሳለች። አንዴ አስታወከች። በየሩብ ሰዓቱ ሽንት ይመጣባታል። በወጣች ቁጥር ተከትዬ ወጣሁ። ሽንት መስሏት ቁጢጥ ባለችበት ቡችላ ሊወድቅ ይችላልና። ማታ ከሆነ ባትሪ ይዞ መውጣት ነው። ይህ የምጡ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ማህፀኗ የሚከፈትበት። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ እስከ 24 ሰዓትም የሚሄድበት አለ። መንቀጥቀጧ ብርድ አይደለም። በዚህ ሰዓት የሚያስፈልጋት ውሃ፣ ጨለም ያለ ቦታና የምታውቀው አንድ ሰው ነው። እኔ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። ዓይኗ ከእኔ ሲለይ ትነሳ ነበር።

ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። በጎኗ ተኛች። ሆዷ ሲጨመደድ ይታያል። እግሯን ግድግዳው ላይ ትገፋለች። ይህ ነው እውነተኛው ማማጥ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ይህን መጻፍ በጣም አስፈላጊ ነው። በጭንቀት ላይ ያለ ሰው አምስት ደቂቃ አንድ ሰዓት ይመስለዋል፤ አንድ ሰዓቱም እንደ አምስት ደቂቃ ያልፈዋል። ሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። 8 ሰዓት ከ25 ላይ የመጀመሪያው መጣ። የኋላ እግሩ ነው የቀደመው። ደነገጥኩ፤ ግን ለውሻ ይህ የተለመደ ነው። ከቡችሎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በኋላ እግራቸው ነው የሚወጡት።

ቡችላው የሚወጣው በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። እናትየው በጥርሷ ትቀደዋለች፣ ትልሰዋለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች። አራቱን ራሷ ነው የሠራቻቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ደክሟት ዝም አለች። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁና ከረጢቱን በጣቴ ቀደድኩት። አፍና አፍንጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ። በፎጣ ጀርባውን አሸት አሸት ሳደርገው ጮኸ። እትብቱን ከሆዱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትቼ በተቀቀለ ክር አሰርኩ፣ ከክሩ ወዲያ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ቆረጥኩ። ከዚያ ጡቷ ላይ አደረግሁት። ስድስተኛው ላይም እንዲሁ አገዝኳት። የተቀቀለው ክር፣ መቀሱ፣ ፎጣዎቹ ሁሉ ከሳምንት በፊት በንጹሕ ፌስታል ታስረው ነበር። በዚያ ሰዓት ክር ፍለጋ ቢኬድ ኖሮ ያ ቡችላ አይተርፍም ነበር።

ከአራተኛው በኋላ ዝም ተባለ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ከአርባ። ሁለት እንደሚቀሩ ከራጁ አውቃለሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያለፈው ሁሉ መጣብኝ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ።

«ታምጣለች ወይስ ተኝታለች?» አሉኝ።

«ተኝታለች። ያሉትን ታጠባለች።»

«ፈሳሿ ይሸታል? ደም በዛ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው አርፋ ነው። ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ጠብቂ። ካልመጣ ይዘሻት ነይ። ማማጥ ከጀመረች ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

ከአስር ደቂቃ በኋላ አምስተኛው መጣ። ማረፍና መታገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እያማጠች፣ በኃይል እየገፋች ግማሽ ሰዓት አልፎ ቡችላ ካልወጣ ሐኪም ነው። ሳታምጥ ተረጋግታ ከተኛች እስከ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። ቡችላ ግማሽ ወጥቶ ከቀረ፣ ደም ከበዛ፣ የሚሸት ፈሳሽ ካለ፣ ወይም እሷ ራሷ ተዝለፍልፋ ጭንቅላቷን ማንሳት ካቃታት ሰዓት አይቆጠርም። አረንጓዴውን ከላይ ብያለሁ።

እዚህ ላይ ስለ መርፌ አንድ ነገር አለኝ። በመጀመሪያው ወሊድ ጠዋት አንድ ሰው «ኦክሲቶሲን ትወጋ፣ ወዲያው ትገላገላለች» ብሎኝ ነበር። ቡችላው መውጫው ላይ ተሰንቅሮ እያለ መርፌው ቢሰጣት ማህፀኗ ሊቀደድ ይችል እንደነበር በኋላ ተነገረኝ። ሐኪም መርምሮ ካልሰጠ በስተቀር ይህን ነገር አትንኩት።

መሀል ከተማ ብንኖርም በሌሊት ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ የደወልኩባቸው ሁለት ቦታዎች ስልክ አላነሱም። የጠራሁት ታክሲ ሹፌርም ውሻዋን ሲያይ ጥሎን ሄደ። ስለዚህ ለሁለተኛው ወሊድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሐኪሟን «ሌሊት ብደውል ያነሳሉ? ካላነሱ ማን ጋ ልደውል?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ሁለት ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ቪትዝ ያለውን የጎረቤት ልጅም አስቀድሜ አናገርኩት። «ወንድሜ፣ ሌሊት በርህን ባንኳኳ እንዳይከፋህ» አልኩት። «ኧረ አንኳኪ፣ ምን ችግር አለው» አለኝ። ወንበሩ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክም ሰጠሁት። አላስፈለገንም፤ ግን ሰላም አግኝቼ የጠበቅሁት በእሱ ምክንያት ነው።

ስድስተኛው የመጣው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። እማማ ሻማ ይዘው መጡ። በር ላይ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት መቻልን። ከኋላቸው የቆመች ሴት «ለውሻ እንዲህ ይባላል?» ስትል ሰማሁ። «እሷስ ምጥ አይደለም ያማጠችው?» አሉና ገቡ። አጥሚት ሠርተው ነበር። ለብ ያለውን ሰጠኋት፤ ጨረሰችው።

የታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አዲስ የተወለደ ቡችላ ደግሞ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የተኙበት ቦታ ወደ 30 ዲግሪ ቢሞቅ ይመረጣል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በደንብ ዘግቼ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ በአንድ ጎናቸው አደረግሁ። በሌላው ጎን ቦታ ተውኩ፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ያስፈልጋቸዋል። በየሦስት ሰዓቱ ተነስቼ ውሃውን ቀየርኩ። ከሰል አቀጣጥላችሁ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ እለምናችኋለሁ። በከተማችን ሰው በከሰል ጭስ ታፍኖ ይሞታል፤ ለቡችላማ ይብሳል። ቡችላው ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ደግሞ ወተት አታጠጡት። ሰውነቱ ሳይሞቅ ወተት መፍጨት አይችልም። መጀመሪያ በሰውነታችሁ ሙቀት ቀስ ብላችሁ አሙቁት፣ ከዚያ ወደ እናቱ ጡት። እንገሩን በመጀመሪያው ቀን ማግኘት አለባቸው። በሽታ የሚከላከሉበት ከእሱ ነው የሚመጣው።

ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሼ በየቀኑ መዘንኳቸው። የመጀመሪያ ቀን ከ280 እስከ 340 ግራም ነበሩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጨመር አለባቸው። ትንሿ በሁለተኛው ቀን ቀነሰች። የኋላውን፣ ወተት የሚበዛበትን ጡት እየመረጥኩ አስያዝኳት፤ በአራተኛው ቀን ደረሰችባቸው። በአሥር ቀን ሁሉም እጥፍ ሆኑ።

ከወሊድ በኋላም እናትየውን ማየት አትተዉ። በተለይ ወተቱ በሚበዛባቸው ሳምንታት እግሯ ከደረቀ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ከፈጠጠና ያለ ምክንያት ካለከለከች ካልሲየሟ ወርዷል ማለት ነው። ቡችሎቹን ነጥላችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። መቻልን አልደረሰባትም። ግን ይህንንም ከሐኪሞቹ ስልክ ቁጥር ሥር ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌው ነበር።

ቡችሎቹ ሁለት ወር ሲሞላቸው ለማውቃቸው ሰዎች ሰጠሁ። የትል መድኃኒታቸውን ወስደዋል። ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ ክትባት እንዲያስከትቡ ከእያንዳንዱ ቃል ተቀበልኩ። ወተቷ ከደረቀ በኋላ መቻልን እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና አስደረግሁላት። ሁለት ወሊድ ይበቃታል። ለሚመጡት ቡችሎችም ሁልጊዜ ቤት አይገኝም፤ ጎዳናው ላይ የምናየው ያን ነው።

ባለፈው ክረምት ከታችኛው በር አንድ ወጣት ማታ 2 ሰዓት ላይ መጣ። «እህቴ፣ ውሻዬ ታለከልካለች። ግን ቀኗ ሳምንት ይቀረዋል» አለኝ። ቴርሞሜትሩን ይዤ አብሬው ወረድኩ። ደረጃው ሥር ገብታ ሲሚንቶውን ትጭራለች። ለካናት፤ 37.1።

«ዛሬ አትተኛ» አልኩት። የበሩን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ሄደ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደወለ። አራት ናቸው፣ አራቱም ይጠባሉ።